ዘጌን ለጎብኚ ከማዘጋጀታችን በፊት የኦሊምፖስን መንደር እንመልከት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በጣና ሐይቅ ዳርቻ የሚገኙትን ጥንታውያን መንደሮች፣ ከእነርሱም ይልቁንም ዘጌን፣ ለቱሪዝም ስለማልማት በጋዜጣችሁ የሚወጡትን ጽሑፎች በጥሞና እከታተላለሁ። ጸሐፊዎቹ አዘውትረው የሚያነሷቸው መንገድ፣ የጀልባ ማቆሚያ፣ የእንግዳ ማረፊያና የማስተዋወቅ ሥራ ናቸው። ሁሉም ተገቢ ጉዳዮች ናቸው። ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ሲጠየቅ አላነበብኩም፤ ይኸውም ዛሬ በመንደሩ የሚኖሩት ቤተሰቦች፣ ከእነርሱም በኋላ ልጆቻቸው፣ እዚያው ለመኖር የሚችሉት ምን ሲሟላላቸው ነው የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ የሚሠራ ማናቸውም ግንባታ ዘጌን እንደሚጎዳት ስለማምን፣ ከእኛ ርቆ በሚገኝ አንድ የተራራ መንደር የሆነውን ለአንባቢዎቻችሁ ለማካፈል ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ። መንደሩ በግሪክ አገር፣ በካርፓቶስ ደሴት ላይ የሚገኘው ኦሊምፖስ ነው።

በወጣትነቴ ለነገረ መለኮት ትምህርት ወደ ግሪክ ከተላኩት ኢትዮጵያውያን መካከል ስለነበርኩ የነሐሴን ዕረፍት በዚያ መንደር ለማሳለፍ ዕድል አግኝቻለሁ፤ ከዚያም ወዲህ ስለ ደሴቲቱ ያገኘሁትን ከማንበብ አልቦዘንኩም። የተወለድኩት ዘጌ፣ የምኖረው ባሕር ዳር ነውና ስለዚያ መንደር ባነበብኩ ቁጥር ከአገሬ ጋር ሳላስተያየው አልቀረሁም።

ካርፓቶስ በቀርጤስና በሮድስ መካከል የምትገኝ፣ ዶዴካኔዝ ከሚባሉት ደሴቶች አንዷ የሆነች፣ ረጅምና ጠባብ፣ ተራራ የበዛባት ደሴት ናት። ኦሊምፖስ ያለው በሰሜኑ ክፍሏ፣ በነቢዩ ኤልያስ ስም በሚጠራው ተራራ ተዳፋት ላይ ነው። ቤቶቹ እርስ በርስ ተጠጋግተው ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ የወጡ ሲሆን፣ በሸንተረሩ ላይ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ ነፋስ ያዞሩ ከድንጋይ የተሠሩ የነፋስ ወፍጮዎች ቆመዋል። መንደሩ የተመሠረተው ከ7ኛው እስከ 9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሆነ ይነገራል። ቭሩኩንዳ በተባለችው ጥንታዊት የባሕር ዳር ከተማ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች የባሕር ወንበዴዎች ወረራ ሲበረታባቸው፣ ወደቡንና ለሙን ጠረፍ ትተው ለጠላት ወደማይመቸው ከፍታ ወጡ። በእኛ አገር የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ታቦታትና መጻሕፍት ከየብስ ወደ ጣና ገዳማት ተሻግረው ተጠብቀዋል። እነርሱ ከውኃው ወደ ተራራው፣ የእኛዎቹ ከየብሱ ወደ ውኃው ሸሹ። ሁለቱንም ያዳናቸው ቦታው ለመድረስ አስቸጋሪ መሆኑ ነበር፤ ዛሬ ልጆቻቸው ጥለውት የሚሄዱትም በዚያው አስቸጋሪነቱ ምክንያት ነው።

በቅርቡ ታሪክም የምንገናኝበት ቦታ አለ። ጣሊያን ዶዴካኔዝን እ.ኤ.አ. በ1912 ከኦቶማን ቱርኮች እጅ ወስዳ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ይዛቸዋለች። ደሴቶቹን ለግሪክ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1947 በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ሲሆን፣ በዚያው ውል ጣሊያን የኢትዮጵያን ነጻነት አረጋግጣ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ለመክፈል ተስማምታለች። የኦሊምፖስ ሽማግሌዎች የጣሊያንን ዘመን ሲያነሡ ከአያቶቼ ዘንድ የሰማሁትን እንደገና የምሰማ ይመስለኝ ነበር።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ኦሊምፖስን ለብዙ ዘመን ያቆየው ምንድን ነው? ጎብኚዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት መልስ ከሌላው ዓለም መራቁ ነው የሚል ነው፤ መንገድ ስላልነበረው ባህሉ ሳይበረዝ ቆየ ማለታቸው ነው። ይህ መልስ ነገሩን በሙሉ የሚያስረዳ አይመስለኝም። በኤጂያን ደሴቶች መንገድ ያልነበራቸው መንደሮች ብዙ ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል ዛሬ ግድግዳቸው ብቻ የቀረ አሉ። እንደ እኔ እምነት ኦሊምፖስን ያቆየው ቤትና ማሳ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍበት ሥርዓት ነው።

በካርፓቶስ ልማድ የእናት ንብረት ለመጀመሪያዋ ሴት ልጅ፣ የአባት ንብረት ለመጀመሪያው ወንድ ልጅ ይተላለፍ ነበር። የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ በእናቷ እናት ስም ትጠራለችና ቤቱና ስሙ በሴቶች የዘር ሐረግ አብረው ይወርዱ ነበር። በበዓል ቀን ይህች ልጅ ተራ በተራ የተያያዙ የወርቅ ሳንቲሞችን በደረቷ ላይ አድርጋ ትወጣ ነበር፤ ያያት ሁሉ የቤቱ ወራሽ እርሷ መሆኗን ያውቅ ነበር። ሥርዓቱ ፍትሐዊ ነበር ማለቴ አይደለም። ታናናሾቹ ያለ ርስት ይቀሩ ነበር፤ ብዙዎቹም ወይ ለታላቆቻቸው ሲሠሩ ይኖሩ፣ ወይም አገር ለቀው ይሄዱ ነበር። ማንም ሰው እንዲመለስ የሚመኘው ሥርዓት አይደለም። ነገር ግን ባለው ጉድለት ሁሉ አንድ ነገር አስገኝቷል፤ ማሳው እየተቆራረጠ አላለቀም፣ ቤቱም በመንደሩ የምትኖር ባለቤት አላጣም። ወንዶቹ ለሥራ ባሕር ሲሻገሩ ሴቶቹ በእርከን የተያዘውን ማሳ ይሠሩ ነበር፤ በዘርና በአጨዳ ወቅት ከመንደሩ ወጣ ብሎ አቭሎና በሚባለው የእርሻ ስፍራ ይሰነብታሉ፤ ዳቦውንም ከቤት ውጭ በተሠራ፣ በእንጨት በሚነድ ምድጃ ይጋግራሉ። የኦሊምፖስ ሴቶች ባህላዊ ልብስ ሌሎች ደሴቶች ከተዉት በኋላ የቆየውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። የጠለፉት ቀሚስ፣ ጥቁሩ ሻሽና ከፍ ብሎ የሚታሰረው የቆዳ ቦት ጫማ ለትርኢት የተዘጋጁ አልነበሩም፤ እሾህና ድንጋይ በበዛበት ዳገት ላይ የሚሠራባቸው የሥራ ልብሶች ነበሩ። ሥራው እስካለ ድረስ ልብሱም ኖረ።

ስለ በዓላቸውም ዘርዘር አድርጌ ልጽፍ ይፈቀድልኝ፤ ምክንያቱም እኛ ጋ ስለ ጥምቀትና ስለ ንግሥ በዓላት ለቱሪዝም መጥቀም የሚነገረው ሁሉ ያሳስበኛል። የመንደሩ ዋና ቤተ ክርስቲያን በእመቤታችን ዕረፍት ስም የተሠራ ነው። ግሪኮችም እንደ እኛ ስለ እመቤታችን ይጾማሉ፤ በእነርሱ አቆጣጠር ኦገስት 1 ጾሙን ይዘው ኦገስት 15 በዓሉን ያከብራሉ፤ ይህም ከእኛ ነሐሴ 9 ቀን ጋር ይገጥማል። የእኛ ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ተይዞ በ16 የሚፈታ በመሆኑ፣ እነርሱ ፈስከው ሲደሰቱ እኛ ገና በሱባኤው እኩሌታ ላይ ነን። እኔም በዓላቸውን ያየሁት በራሴ ጾም ውስጥ ሆኜ ነው፤ አስተናጋጆቼም ይህን ሲያውቁ ያለ አንዳች ጥያቄ ሽምብራና ወይራ ለብቻዬ አቀረቡልኝ።

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ለሕዝቡ ሁሉ ምግብ ይቀርባል። ወደ ማታ ወንዶቹ በገበታ ዙሪያ ተቀምጠው መዘመር ይጀምራሉ። የሙዚቃ መሣሪያዎቻቸው ሦስት ናቸው፤ አንደኛው በጉልበት ላይ ቆሞ በቀስት የሚመታው ባለ ሦስት ክር ሊራ፣ ሁለተኛው የክራርን ሥራ የሚሠራው ባለ ክር መሣሪያ ላውቶ፣ ሦስተኛው ከፍየል ቆዳ የተሠራ የሚነፋ ጻምቡና ነው። የሊራው ቀስት ትናንሽ ቃጭሎች አሉት፤ ማሲንቆ ሲሰማ ላደገ ሰው ድምፁ እንግዳ አይሆንበትም። የሚዘምሩት ማንዲናዳ የሚባለውን፣ በዚያው በገበታው ላይ የሚፈጠረውን ባለ ሁለት ስንኝ ግጥም ሲሆን፣ እያንዳንዱ ስንኝ 15 ቀለም አለው። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ተቀብሎ ይመልሳል፤ እኛ ጋ አዝማሪውና እድምተኛው «ተቀበል» እየተባባሉ እንደሚያደርጉት ማለት ነው። ልዩነቱ እዚያ ባለሙያ አዝማሪ አለመኖሩ ነው፤ የሚገጥሙት እረኛው፣ አናጢው፣ መርከበኛው ናቸው። የሚገጥሙትም በዚያ ዓመት ስለ ሞተው ጎረቤት፣ በስደት ስላለው ወንድም፣ ስለ ተዳረችው ልጅ ነው። ጎልማሶች በግልጽ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ሴቶቹ የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው ሲመጡ ጭፈራው ይጀመርና እስኪነጋ ይዘልቃል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ፣ ኦገስት 29 በሚውለው የመጥምቁ ዮሐንስ በዓል፣ ሕዝቡ በእግርና በጀልባ ወደ ቭሩኩንዳ ይወርዳል፤ አባቶቻቸው ጥለዋት በሸሿት ቦታ፣ በዋሻ ውስጥ ባለች ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ።

በዚያ በዓል ላይ እንግዳ አይከለከልም፤ ይጋበዛልም። ነገር ግን በዓሉ ለእርሱ ሲባል አንድ ሰዓት እንኳ አይዛወርም፣ አይታጠርምም። ስለ ጎረቤቱ ሞት የሚገጥመው ሰው የሚያነጋግረው ጎረቤቶቹን ነውና። የኦሊምፖስ በዓል ዛሬም የሚያምረው ከፒሬዎስ፣ ከሮድስ፣ ከአሜሪካዋ ባልቲሞር ሳይቀር የመንደሩ ልጆች ለእርሱ ብለው ስለሚመለሱ ነው። ዘጌ ላይ በኪዳነ ምሕረት ንግሥ ቀን ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ በጀልባ ተጨናንቀው የሚመጡትን የዘጌ ልጆች ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ስለዚህ በዓላችንን ለጎብኚ በሚመች ሰዓትና መድረክ ለማቅረብ የሚቀርበው ሐሳብ ሁሉ ከልብ ያሳዝነኛል። ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ሕዝቡ ለራሱ ስለሚያከብረው ነው።

እስካሁን የጻፍኩት መልካሙን ነው። የኦሊምፖስ ጉዳት ግን ከመልካሙ ባልተናነሰ ያስተምረናል። መንደሩ የኤሌክትሪክ መብራት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ከደሴቲቱ ዋና ከተማ ከፒጋዲያ የሚወስደው መንገድ ለረጅም ዘመን አስቸጋሪ የአፈር መንገድ ሆኖ ቆይቶ አስፋልት የለበሰው በዚህ በያዝነው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት የታመመ ሰው ዲያፋኒ ወደምትባለው ትንሽ ወደብ ወርዶ ጀልባ መጠበቅ ነበረበት፤ ባሕሩ ከተናወጠም ጀልባ አይኖርም። እነዚህ ነገሮች እስኪሟሉ መንደሩ አልጠበቀም፤ ልጆቹ ወጡ። ዛሬ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩበት ጥቂት መቶ ሰዎች ብቻ ናቸው። መንገድ አለመኖሩ ባህሉን ጠበቀ የሚለው አባባል የሚያስቆጣኝ ለዚህ ነው። በማይመች ኑሮ የተጠበቀ ባህል፣ ተሸካሚዎቹ ከእጁ ሲያመልጡ ኖረዋል። መብራቱና መንገዱ አንድ ትውልድ ቀድመው ቢደርሱ ኖሮ ዛሬ በባልቲሞር ከሚገኙት ቤተሰቦች ስንቶቹ በቀሩ ነበር?

ከዚያ ቱሪዝም መጣ። ጠዋት ከፒጋዲያ በጀልባ የተነሣ ጎብኚ ዲያፋኒ ይወርዳል፣ በአውቶቡስ ወደ መንደሩ ይወጣል፣ ጥቂት ሰዓት በጠባቡ መንገድ ላይ ይመላለሳል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ምሳውን ይበላል፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። ለመንደሩ የሚተርፈው ገንዘብ የምሳና የዕቃ ሽያጭ ነው፤ ከሚሸጠውም ሻርፕና ጌጥ ውስጥ በመንደሩ ያልተሠራ አይቻለሁ። ክረምታቸው ሲገባ ጎብኚውም ይቀራል፣ ብዙ ቤቶችም ይዘጋሉ። ይሁንና ቱሪዝሙ አንዳንድ ወጣቶችን መልሷል፤ ወላጆቻቸው የዘጉትን ቤት ከፍተው ምግብ የሚያዘጋጁ፣ አሮጌ ወፍጮ የሚጠግኑ አሉ። ይህን መካድ አይገባም።

የዘጌን ጎብኚ መንገድ ለሚያውቅ ይህ ሁሉ የቅርብ ነገር ነው። ከባሕር ዳር ጠዋት በጀልባ የተነሣው ጎብኚ ከወደቡ እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ባለው የደን መንገድ ይወጣል፣ የመቅደሱን ሥዕሎች ያያል፣ በመንገዱ ዳር ከተዘረጋው የእጅ ሥራ ትንሽ የደንገል ታንኳ ይገዛል፣ ምሳውን ለመብላት ወደ ባሕር ዳር ይመለሳል። የአልጋው፣ የምግቡና የጀልባው ገንዘብ በከተማው ይቀራል። ለዘጌ የሚቀራት የቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ፣ የአስጎብኚዎች ክፍያና የመንገድ ዳር ሽያጭ ነው። ያም ቢሆን በኮሮና ወረርሽኝና ከዚያ በኋላ በአገራችን በደረሰው የሰላም መደፍረስ ጊዜ ሲቋረጥ አይተናል። በጎብኚ ብቻ እንዲኖር የተደረገ መንደር ጎብኚው ሲቀር ምን ሊበላ ነው?

የግሪክ መንግሥት በዚህ ጉዳይ ካደረጋቸው ነገሮች ልንመለከተው የሚገባ አንድ ጥሩ ሙከራ አለ። ብሔራዊ የቱሪዝም ድርጅቱ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በተመረጡ ባህላዊ መንደሮች፣ ከእነርሱም መካከል በሳንቶሪኒ ደሴት ባለችው በኢያና በኪዮስ ደሴት ባለችው በሜስታ፣ እየፈረሱ የነበሩ ቤቶችን በእንግዳ ማረፊያነት መጠገን ጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ባለቤቱ ቤቱን ለተወሰኑ ዓመታት ለድርጅቱ ይለቃል፤ ድርጅቱ የጥንቱን መልክ ጠብቆ ጠግኖ ይገለገልበታል፤ ጊዜው ሲያልቅ የተጠገነው ቤት ለባለቤቱ ይመለሳል። ማንም ርስቱን አልተነጠቀም፤ የመጠገን አቅም የሌለው ቤተሰብም ቤቱን ለባለሀብት ለመሸጥ አልተገደደም። ለእኛ የሚስማማው ይህ አሠራር ነው ብዬ አምናለሁ። በሌላ በኩል ሳንቶሪኒ ልክ ያጣ ቱሪዝም የሚያደርገውንም አሳይታናለች። ነዋሪዎቿ ከ15 ሺህ ብዙም የማይበልጡ ስትሆን በአንድ ዓመት ውስጥ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው ጎብኝቷታል፤ በትልልቅ መርከቦች የሚመጡት መንገደኞች በቀን ከ8 ሺህ እንዳይበልጡ ለመወሰንም ተገድዳለች። መምህራንና ነርሶች የሚከራዩት ቤት ያጡባት ደሴት ሆናለች።

ሜስታ ያለችባት ኪዮስ ሌላም የምትነግረን አለ። በደቡቧ ያሉት መንደሮች የሚኖሩት ከማስቲካ ዛፍ ግንድ በሚንጠባጠበው ሙጫ ነው። ገበሬዎቹ እ.ኤ.አ. በ1938 በሕግ የተቋቋመ አንድ የጋራ ማኅበር አላቸው፤ ምርቱ በእርሱ በኩል ስለሚሸጥ ነጋዴ ዋጋ ሊያወርድባቸው አይችልም። የምርቱ ስም በአውሮፓ ሕግ የተጠበቀ ሲሆን፣ የአመራረቱ ጥበብም እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ጎብኚ መጣም ቀረም ለእነዚህ መንደሮች ሙጫው አለላቸው።

ለዘጌ ደግሞ ቡናው አለላት። አንባቢዎቻችሁ እንደሚያውቁት በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት በሬ አይጠመድም፣ ከብትም አይረባም፤ ይህም ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ የመጣ ሥርዓት ነው። ቡናውና ጌሾው ከጻድቁ በትር እንደ በቀሉ ይነገራል። በጣና ዙሪያ ያለው ደን ለእርሻና ለግጦሽ ሲጨፈጨፍ የዘጌ ደን የቆመው በዚህ ሥርዓት ነው፤ ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ሲመዘገብም ከሐይቁ ዳርቻ እንዲህ ያለ ደን የቀረባቸው ቦታዎች ጥቂት ነበሩ። ሥርዓቱን ስናደንቅ ግን ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ አንዘንጋ። የማያርስ ሰው ጤፉንና በቆሎውን ከገበያ ይገዛል። የቡናው ዋጋ ሲወድቅ ወይም ቡናው በበሽታ ሲመታ፣ ያ ቤተሰብ የሚቀረው ነገር ዛፉን ቆርጦ ማገዶውን በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ማሻገር ነው። ያን ታንኳ በሐይቁ ላይ ስናይ ደን አጥፊ ብለን ከመፍረድ ይልቅ የቡናው ገንዘብ የት እንደቀረ ብንጠይቅ ይሻላል። ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር ስማቸው በንግድ ምልክትነት በውጭ አገራት ተመዝግቦላቸዋል። የዘጌ ቡናም በራሱ ስም፣ በራሱ ገበሬዎች ማኅበር፣ ታጥቦና ደርቆ፣ ተቆልቶም ጭምር ሊሸጥ ይገባዋል። ለአንድ አዲስ ሎጅ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለዚህ ቢውል ደኑንም መንደሩንም እንደሚጠብቅ አልጠራጠርም።

ከዚህ በመነሣት ዕቅድ ለሚያወጡት የሥራ ኃላፊዎች የማቀርበው ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሞ የይዞታን ነገር የሚመለከት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ዘጌ ደግሞ በባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ሥር ካሉት ሳተላይት ከተሞች አንዷ በመሆኗ፣ በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የከተማ ቦታ የሚተላለፍበት አሠራር ወደ ቡና ጓሮዎቿ እንዳይደርስ የሚያግድ ግልጽ ውሳኔ ያስፈልጋታል። የቡና ጓሮና ነባር ቤት ለእንግዳ ማረፊያ ተብሎ ለውጭ ባለሀብት መተላለፍ የለበትም። ማረፊያ ካስፈለገ፣ ማስፈለጉንም አልቃወምም፣ የነዋሪው ቤት በኢያ እንደተደረገው ተጠግኖ፣ በነዋሪው ስም ሆኖ፣ በነዋሪው ቤተሰብ ቢሠራበት ይበቃል። ለትልልቅ ሪዞርቶች ጎርጎራና ባሕር ዳር አሉልን።

ስለ ቤቶቹ መልክም አንድ ነገር ልጨምር። የሣር ክዳኑ ወደ ቆርቆሮ መለወጡ ብዙ ሰዎችን እንደሚያሳዝን አውቃለሁ፤ እኔንም ያሳዝነኛል። ነገር ግን ከብት በማይረባበትና በማይታረስበት አገር የክዳን ሣር ከውጭ ተገዝቶ፣ በታንኳ ተጭኖ ነው የሚመጣው፤ በየጥቂት ዓመቱም መለወጥ አለበት። ቆርቆሮ ግን አንድ ጊዜ ተመትቶ ይቆያል። ነዋሪውን ቆርቆሮ አትምታ ብሎ ማዘዝ፣ የሣሩን ዋጋ ግን ለእርሱ መተው ተገቢ አይደለም። ቅርሱ የሁላችንም ከሆነ የክዳኑ ወጪም የሁላችን መሆን አለበት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለውን ሰው የመጠበቅ ግዴታ ይጥልበታል፤ ያንን ግዴታ እንዲወጣ የሚያስችለው ድጋፍ በተግባር ካልደረሰው ግን ግዴታው ቅጣት ይሆንበታል። ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ቤተሰቦችም በዚሁ ሊታዩ ይገባል፤ ደንገሉ በእርሻና በግንባታ ከዳርቻው እየራቀ፣ ውኃውን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የታየው እምቦጭ እየወረረው፣ ታንኳ ሥሩልን እያልን በፎቶ ብቻ ልናቆያቸው አንችልም።

የጤና ጣቢያና የትምህርት ቤቱን ነገር ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ምጥ የያዛት እናት በሌሊት ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር የምትደርስበት አስተማማኝ ጀልባና መንገድ ይኑር፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪው ቤት ተከራይቶ ከተማ ሳይገባ የሚማርበት ሁኔታ ይመቻች። በኦሊምፖስ የሄዱት ሰዎች የሄዱበት ምክንያት ይህ ነበርና።

ከተራራ ላይ ካለ የግሪክ መንደር በደን ውስጥ ላለ የጣና ዳር መንደር ምን ትምህርት ይገኛል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በአየሩም፣ በአዝርዕቱም፣ በመንግሥታቸውም አቅም አንመሳሰልም። የምንመሳሰለው በአንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም መንደሮች የቆሙት ነዋሪዎቻቸው በፈቃዳቸው በያዙት ሥርዓት ነው፤ ያ ሥርዓት ኑሮ የማያኖር ሲሆን ማንም በአዋጅ ሊያቆየው አይችልም።

የተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣ ለዘጌ የሚዘጋጀው የልማት ዕቅድ ከመጽደቁ በፊት ዋና ዋና ነጥቦቹ በጋዜጣችሁ እንዲወጡ የሚመለከታቸውን መሥሪያ ቤቶች እንድትጠይቁልን እለምናለሁ። እንደዚሁም ዘጋቢያችሁ ወደ ዘጌ ሲሄድ ከአስጎብኚዎችና ከኃላፊዎች በተጨማሪ የቡና ገበሬዎችን፣ በመንገድ ዳር የእጅ ሥራ የሚሸጡትን ሴቶች፣ ማገዶ በታንኳ የሚያሻግሩትን፣ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሥራ ያጡትን ወጣቶችና የየገዳማቱን አባቶች ቢያነጋግር፣ የሚሉትንም ሳያሳጥር ቢያትምልን ትልቅ ውለታ ይሆናል። ለመሄድ የሚመቸው ጊዜ ከኅዳር ጀምሮ ቡናው በሚለቀምበት ወራት ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉም ሰው በጓሮው ይገኛል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዘጌ ተወላጅ፣ ከባሕር ዳር